የላፕቶፑ ኪቦርድ ሊኑክስ ላይ ዝም ሲል፦ ፎርማት ከማድረግህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ እኔም ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያልከው ይህን ነው፦ ሊኑክስህን አፕዴት አደረግክ፣ ላፕቶፑን አጥፍተህ አስነሳኸው፣ ከዚያ ኪቦርዱ ምንም አይመልስም። ታችፓዱ ይሰራል። የዩኤስቢ ኪቦርድ ስትሰካም ይሰራል፤ ፓስወርድህንም ያስገባኸው በሱ ነው። አሁን «ፎርማት ላድርገው ወይስ አዲስ ኪቦርድ ልግዛ?» እያልክ ነው።

ሁለቱንም አታድርግ። ቢያንስ ዛሬ አታድርግ። ለምን እንደምልህ የራሴን ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የኔም ኪቦርድ በሥራ መሀል ድንገት ዝም አለ። አንድም ፊደል አይጽፍም። ሁለት ቀን ታገልኩት። በመጨረሻ ሲስተሙን ከነጭራሹ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ሰራ። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ያው ችግር ተመለሰ። ኮምፒውተር ለሚጠግን ሰው አሳየሁት፤ ጥቂት ነካ ነካ አድርጎ «ኪቦርዱ አልቆለታል፣ ይቀየር» አለኝ። እሺ ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ማታ ተስፋ ቆርጬ አንድ ቁልፍ ላይ ጣቴን አሳርፌ ስቆይ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ! ነካ ሳደርገው አይጽፍም፤ ተጭኜ ስቆይ ይጽፋል።

ነገሩ ስሎው ኪስ የሚባለው ነበር። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሰራ ጠቃሚ ነገር ነው። ሲበራ ቁልፉ ትንሽ ተጭኖ ካልቆየ አይቆጠርም። አንዳንድ ዴስክቶፖች ላይ እነዚህን የተደራሽነት ምርጫዎች በኪቦርድ ማብራት ከተፈቀደ፣ ሺፍትን ለ8 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት ብቻ ያበራዋል። እኔ ደግሞ ሳስብ ጣቴን ሺፍት ላይ የማሳረፍ ልማድ አለኝ። እንደ አዲስ ስጭነው የጠፋው ቅንብሩ ነው፤ ልማዴ ግን አብሮኝ ነበር። ለዚህ ነው ተመልሶ የመጣው።

ፎርማት ማድረግን የምጠላው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዴ ችግሩን ያጠፋዋል፤ ግን ምን እንደነበረ አይነግርህም። ሲመለስ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራለህ።

ያንተ ችግር ግን ስሎው ኪስ አይመስለኝም። እሱ ቢሆን የዩኤስቢውንም ኪቦርድ ይነካው ነበር። እዚህ ጋ ያለህን መረጃ አትናቀው። የዩኤስቢው በትክክል ከጻፈ የኪቦርድ ሌይአውትህ፣ የተደራሽነት ቅንብርህ፣ በግእዝ ፊደል ለመጻፍ የምትጠቀምበት አይባስም ቢሆን ሁሉም ደህና ናቸው ማለት ይቻላል። እነዚህ የትኛው ኪቦርድ እንደሆነ አይለዩም። ችግሩ ያለው የላፕቶፑ ኪቦርድ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ብቻ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ቁልፍ ስትጫን ምልክቱ ከኪቦርዱ በቀጭን ፍላት ኬብል ወደ ማዘርቦርዱ ይሄዳል። እዚያ ያለች ትንሽ ቺፕ ተቀብላ ለከርነሉ፣ ማለትም ለሊኑክስ እምብርት፣ ታቀብላለች። ከርነሉ ሊብኢንፑት ለሚባለው ላይብረሪ ይሰጣል። ከዚያ ዴስክቶፑ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ጥያቄው «ኪቦርዱ ለምን አይሰራም?» ሳይሆን «ምልክቱ የት ላይ ጠፋ?» ነው። ይህን ካወቅክ ግማሹን ሥራ ጨርሰሃል።

የመጀመሪያው ፍተሻ ምንም ትእዛዝ አይጠይቅም። የዩኤስቢውን ኪቦርድ ንቀል። ላፕቶፑን አጥፍተህ አስነሳውና በራሱ ኪቦርድ ወደ ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ቅንብር) ለመግባት ሞክር። እንደ ማሽኑ ኤፍ2፣ ኤፍ10፣ ዲሊት ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ከገባህ በቀስት ቁልፎቹ ወደ ላይ ወደ ታች በል። ከዚያ የግራብ ሜኑ (የሚነሳውን ሲስተም የምትመርጥበት ዝርዝር) ላይም እንዲሁ ሞክር። ሜኑው ካልመጣልህ፣ ኡቡንቱና የእሱ ቤተሰቦች ላይ ማሽኑ ሲነሳ ኤስኬፕን መታ መታ ማድረግ፣ የቆየ ማሽን ከሆነ ደግሞ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ ያመጣዋል። እዚያ ድረስ ሊኑክስ ገና አልተነሳም። ባዮስና ግራብ ላይ ከሰራ ኪቦርዱም፣ ኬብሉም፣ ቺፑም በሕይወት አሉ። ኪቦርድ የመግዛቱን ሐሳብ እዚያው ጣለው።

እዚያም ካልሰራ ጉዳዩ ከሊኑክስ ጋር አይገናኝም። ላፕቶፑን አጥፋ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጣው፣ ከዚያ ፓወር ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ። ይህ ያቺ ቺፕ የያዘችውን ትርፍ ኤሌክትሪክ አስለቅቆ እንደ አዲስ እንድትነሳ ያደርጋታል። ብዙ ጊዜ ነፍስ ዘርቶልኛል። እምቢ ካለ ምናልባት ፍላት ኬብሉ ላልቶ ይሆናል፤ በተለይ ላፕቶፑ በቅርቡ ተከፍቶ ከነበረ። ፈሳሽ ከፈሰሰበት ወይም አንድ ቁልፍ ተጣብቆ ከቀረም ሙሉ ኪቦርዱ የሞተ ሊመስል ይችላል። ኮንትሮል ቁልፍ ተጣብቆ አስብ፤ የምትጫነው ፊደል ሁሉ ትእዛዝ ይሆናል እንጂ አይጻፍም።

ግን ያንተ ችግር ከአፕዴት በኋላ ስለመጣ ግራብ ላይ ይሰራል ብዬ እገምታለሁ። ከሆነ ከሁሉ በፊት አሮጌውን ከርነል ሞክር። ግራብ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፈት። ከአንድ በላይ የከርነል ስሪት ታያለህ። ከላይ ካለው ቀጥሎ ያለውን፣ «ሪከቨሪ» የማይለውን ምረጥና አስነሳ። ኪቦርዱ ከሰራ ጥፋተኛው ተገኘ፦ አዲሱ ከርነል ነው። ሌላ አፕዴት እስኪመጣ በአሮጌው ሥራህን ቀጥል። አሮጌውን ከርነል ግን እንዳታጠፋው፤ ፓኬጅ የሚያጸዳ ትእዛዝ ስትሰጥ ዝርዝሩን አንብብ።

አሮጌውም ካልረዳ ከርነሉ ምን እንደሚሰማ እንጠይቀው። አሁን የዩኤስቢውን ሰክተህ ተርሚናል ክፈት። አብዛኛው የላፕቶፕ ኪቦርድ እስከ ዛሬ የሚናገረው የድሮውን የፒኤስቱ ቋንቋ ነው። ከርነሉ የሚያገኘው አይ8042 በሚባል ድራይቨር በኩል ነው። ስሙ የመጣው አይቢኤም በ1984 ባወጣው ፒሲ ኤቲ ውስጥ ከነበረው የኢንቴል ቺፕ ነው። ዛሬ ቺፑ ራሱ የለም፤ አሠራሩን ሌላ ቺፕ እየመሰለ ይሠራል። ይህን የምነግርህ ስሙን ሎግ ላይ ስታየው እንዳትደነግጥ ነው።

ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ኢንተረፕትስ የሚል ፋይል አለ። ኢንተረፕት ማለት አንድ መሣሪያ «ስማኝ» ብሎ ለከርነሉ የሚልከው ምልክት ነው፤ ፋይሉ ቁጥራቸውን ይይዛል። በካት ትእዛዝ ክፈተው። በ1 ቁጥር የሚጀምረውን፣ መጨረሻው አይ8042 የሚለውን መስመር ፈልግና ቁጥሮቹን ያዝ። አሁን በላፕቶፑ ኪቦርድ አሥር ጊዜ ያህል ቁልፍ ተጫን። ፋይሉን እንደገና ክፈት። ቁጥሩ ከጨመረ ከርነሉ እየሰማህ ነው፤ ችግሩ ከሱ በላይ ነው። ንቅንቅ ካላለ ምልክቱ ከርነሉ ጋ አልደረሰም። እኔ ከሁሉም የምወደው ፍተሻ ይህ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መንገዱን ለሁለት ይከፍልልሃል። መስመሩ ጭራሽ ከሌለ ግን ኪቦርድህ በሌላ መንገድ የተገናኘ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ላፕቶፖች አይቱሲ በሚባል ሌላ የውስጥ መገናኛ ወይም በውስጥ ዩኤስቢ ነው የሚሠሩት።

ቁጥሩ ካልጨመረ የከርነሉን መልእክት እይ። ትእዛዙ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ተብሎ ይጻፋል፤ ፊቱ ላይ ሱዶ (እንደ አስተዳዳሪ አስኪድ ማለት ነው) ጨምርበት። ውስጡ አይ8042 የሚል ፈልግ። «ኮንትሮለር አልተገኘም» የሚል ዓይነት መስመር ካየህ፣ ወይም ማንበብ አልቻልኩም ካለ፣ ከርነሉ ሲነሳ ከኪቦርዱ ጋር አልተግባቡም ማለት ነው። ለዚህ ከርነሉ ሲነሳ የሚያነበው ተጨማሪ ቅንብር መስጠት ይቻላል። ግራብ ላይ ሲስተምህን መርጠህ ኢ የሚለውን ፊደል ተጫን። «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረው ረጅም መስመር መጨረሻ ላይ ሂድ። አንድ ክፍት ቦታ ተውና አይ8042.ሪሴት ብለህ ጻፍ፤ ነጥቧን ሳትረሳ፣ ሁሉንም በላቲን ትንንሽ ፊደል። ከዚያ ኤፍ10። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ባይሳካ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ አትፍራ። ካልሰራ በሚቀጥለው አነሳስ አይ8042.ኖመክስ (ኤን-ኦ-ኤም-ዩ-ኤክስ)፣ ቀጥሎ አይ8042.ኖፒኤንፒ (ኤን-ኦ-ፒ-ኤን-ፒ) እያልክ አንድ በአንድ ሞክር። ሁሉንም ባንድ ላይ አትደርድር፤ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። የሠራውን ስታገኝ ብቻ ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት ከሚባለው ፎልደር የግራብ ፋይል ላይ ጨምረህ አፕዴት-ግራብ የሚለውን ትእዛዝ ስጥ።

ላፕቶፑ አዲስ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውም ይሠራል። ከርነሉ ውስጥ የኪቦርዳቸው ኢንተረፕት ለየት ያለ አያያዝ የሚፈልግ የላፕቶፕ ሞዴሎች ዝርዝር አለ። አዲስ ስሪት ሲወጣ አዳዲስ ሞዴሎች ይጨመሩበታል። ማሽንህ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ገና ካልገባ፣ መፍትሔው ወደ ኋላ መመለስ ሳይሆን ወደ አዲስ ከርነል መሄድ ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ኪቦርዱ የሚሞትበት ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ ብቻ ነው። ያ ከሆነ ሳታጠፋ መቀስቀስ ይቻላል። ሲስ ውስጥ ባስ፣ ከዚያ ሴሪዮ፣ ከዚያ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ሴሪዮ0 የሚባለው ፎልደር ጋ ሂድ። እዚያ ዲ-አር-ቪ-ሲ-ቲ-ኤል የሚል ፋይል አለ። እንደ ሩት (አስተዳዳሪ) ሆነህ «ሪኮኔክት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ወደዚያ ፋይል ጻፍበት። ከርነሉ ከኪቦርዱ ጋር እንደገና ይተዋወቃል። ብዙ ጊዜ ወዲያው ይነቃል።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ። ኢንተረፕቱ ጨምሯል እንበል፤ ዴስክቶፑ ላይ ግን ምንም የለም። በዩኤስቢው ኪቦርድ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫን። ጥቁር የጽሑፍ ስክሪን ይመጣል። እዚያ በላፕቶፑ ኪቦርድ ስምህን ለመጻፍ ሞክር። መቀየሪያውን በዩኤስቢው፣ ጽሑፉን በላፕቶፑ፤ ይህን አትርሳ፤ ዴስክቶፑ የላፕቶፑን ኪቦርድ ስለማይሰማ መቀየሪያውንም አይሰማም። እዚህ ከጻፈና ዴስክቶፑ ላይ ካልጻፈ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ታብሌት ሞድን ነው። ለመመለስ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ1 ወይም ኤፍ2።

ስክሪኑ ዞሮ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ላፕቶፕ ካለህ ይህን ክፍል ደግመህ አንብበው። ስክሪኑ ሲታጠፍ ማሽኑ ታብሌት ሆንኩ ይላል። ሊብኢንፑት ሆን ብሎ ኪቦርዱንና ታችፓዱን ይዘጋል፤ ከስር ስትይዘው ቁልፎቹ እንዳይነኩ ነው። መታጠፉን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው በማግኔት ነው። አንድ ዘመዴ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ እምቢ ይላል፣ ጭኑ ላይ ሲያደርገው ይሰራል። ሦስት ጊዜ ሲስተም ቀይሮበታል። ሄጄ ሳየው ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ የሚያስቀምጠው በሌላ የተዘጋ ላፕቶፕ ላይ ደርቦ ነበር። የታችኛው ማግኔት የላይኛውን እያሳሳተው ነው። አነሳሁለት፤ በዚያው ቅጽበት ኪቦርዱ ነቃ። ሰውየው የሆነውን እስኪያምን ድረስ ሦስት አራት ጊዜ እየደራረብን፣ እያነሳን አየነው።

ያንተ ታችፓድ ስለሚሰራ ይህ የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ቢሆንም ማጣራቱ ቀላል ነው። ሱዶ ሊብኢንፑት ዲበግ-ኢቨንትስ ብለህ ስጥ፤ መጨረሻው ላይ ኤስ አለው። ሲጀምር ታብሌት-ሞድ ስቴት 1 የሚል መስመር ካወጣ ጉዳዩ እሱ ነው። ኢቭቴስት የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራምም ጫን። ኢቭቴስት በቀጥታ ከከርነሉ ነው የሚሰማው። ቁልፎችህን ኢቭቴስት እያየ ሊብኢንፑት ካላየ፣ ምልክቱ የጠፋው በሁለቱ መሀል ነው። ኢቭቴስት ሲከፍት ከሚደረድራቸው ስሞች የላፕቶፑ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ «ኤቲ ትራንስሌትድ ሴት 2 ኪቦርድ» የሚለው ነው። እግረ መንገድህን፣ ማንም ሳይነካው ደጋግሞ የሚጮህ ቁልፍ ካየህ ያ የተጣበቀው ቁልፍ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅህ። ኢቭቴስት የምትጫነውን ሁሉ ይመዘግባል። ክፍት ሆኖ ሳለ ፓስወርድ አትጻፍ፤ ውጤቱን እዚህ ስትለጥፍም መጀመሪያ አንብበው።

ከሞከርክ በኋላ አራት ነገር ጻፍልኝ፦ ባዮስና ግራብ ላይ ሰራ ወይስ አልሰራም፣ አሮጌው ከርነል ምን አደረገ፣ የኢንተረፕቱ ቁጥር ጨመረ ወይ፣ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ስለ አይ8042 ምን አለ። የላፕቶፑን ሞዴልና የከርነሉን ስሪትም ጨምርበት። ስሪቱን ዩኔም ሰረዝ አር ብለህ ታገኘዋለህ። ዛሬ ማታ ኦንላይን ነኝ፤ የትኛው ላይ እንደቆመ ንገረኝና ከዚያ እንቀጥላለን።