ስለ ጃፓን ፖለቲካ መጻፍ ቪዛዬን ያሳጣኛል ወይ ላሉት ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ፤ ጥያቄዎን አነበብኩት። በጁላይ 2025 ከተካሄደው የጃፓን የላይኛው ምክር ቤት ምርጫ በኋላ «ጃፓናውያን ይቅደሙ» የሚለውን ሳንሴይቶ የተባለ ፓርቲ የሚተች ጽሑፍ በገጽዎ ላይ ማውጣትዎን፣ ጓደኛዎም «ቪዛህን ታጣለህ፤ አጥፋው» ብሎ እንዳስፈራራዎ ገልጸው ምን ላድርግ ብለዋል። ከሥር ከተሰጡት መልሶች ግማሾቹ «በሰው አገር አርፈህ እንጀራህን ብላ» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ጃፓን ዴሞክራሲያዊ አገር ናት፤ ማን ይነካሃል» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ኒዩካን፣ ማለትም የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ፣ ደጃፍ ተራ ይዘው የጠበቁ አይመስሉኝም። እርስዎም እንደ እኔ በየዓመቱ በሚታደስ የሥራ ቪዛ የሚኖሩ፣ ከቶኪዮ ምሥራቃዊ ወረዳዎች በአንዱ ቤት የተከራዩና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠባበቁ ይመስለኛልና መልሴን በዚያው ልክ እጽፋለሁ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

1ኛ፦ ሕጉ የቆመበትን ቦታ ይወቁ። ሮናልድ ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የእንግሊዝኛ መምህር በ1969 ጃፓን ገብቶ፣ በቬትናም ጦርነት ተቃውሞ ሰልፎች ላይ በመሳተፉና ፈቃድ ሳያወጣ መሥሪያ ቤት በመቀየሩ የቪዛ ዕድሳት ተከለከለ። እርሱም ከሰሰ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በኦክቶበር 1978 ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ በሕገ መንግሥቱ የተደነገጉት መሠረታዊ መብቶች በባሕርያቸው ለዜጎች ብቻ ከሚሆኑት በቀር ለውጭ አገር ሰዎችም እንደሚሠሩ፣ የፖለቲካ አስተያየት መግለጽም የአገሪቱን የፖለቲካ ውሳኔ ወይም አፈጻጸሙን የሚነካ እስካልሆነ ድረስ ከእነዚሁ መብቶች እንደሚቆጠር አረጋገጠ። ወዲያው ደግሞ ይህ ጥበቃ የሚሠራው በመኖሪያ ፈቃድ ሥርዓቱ ውስጥ ብቻ ስለሆነ የፍትሕ ሚኒስትሩ የዕድሳት ጥያቄ ሲቀርብለት ያንኑ የተፈቀደ ተግባር እንደ ጉድለት ሊመዝነው ይችላል አለ። በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ነሣ ማለት ነው። ማክሊን ተረታ፤ ውሳኔውም እስከ ዛሬ አልተሻረም። ስለዚህ ጓደኛዎ የተናገረው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም።

ሆኖም እኔ በማውቃቸው ሰዎች ላይ ቪዛን ሲያሰናክል ያየሁት ወረቀት እንጂ አስተያየት አይደለም። ውዝፍ የነዋሪነት ግብር፣ የተቆራረጠ የጡረታ ክፍያ፣ መሥሪያ ቤት ለቅቆ በ14 ቀን ውስጥ አለማሳወቅ፤ ችግሩ ሁሉ ከእነዚህ የሚመጣ ነው። በ2024 የጸደቀው የሕግ ማሻሻያ ደግሞ ሆን ብሎ ግብርና ማኅበራዊ መድን የማይከፍል ሰው ቋሚ ፈቃዱን እንኳ ሊነጠቅ እንደሚችል ደንግጓል። ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሯ የፈለጉትን ይጻፉ፤ የክፍያ ደረሰኝዎን ግን በፋይል ያስቀምጡ።

2ኛ፦ ለፖለቲከኛ ገንዘብ አይስጡ። የፖለቲካ ገንዘብ መቆጣጠሪያ ሕጉ ከውጭ ዜጋ መዋጮ መቀበልን ይከለክላል። በማርች 2011 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሴይጂ ማኤሃራ ሥልጣን የለቀቁት በኪዮቶ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቋቸው የኮሪያ ዜጋ ሴት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በድምሩ 250,000 የን ያህል ስላዋጡላቸው ነው። ስለ ድምፅ መስጠትም አይድከሙ፤ በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለቋሚ ነዋሪዎች በአካባቢ ምርጫ የመምረጥ መብት በሕግ ቢሰጥ ሕገ መንግሥቱ አይከለክልም ብሎ ነበር፤ ያንን ሕግ ግን እስከ አሁን ያወጣ ፓርላማ የለም።

3ኛ፦ የሚናገሩበትን ቦታ ይምረጡ። ይህን በአጭሩ ላልፈው አስቤ ነበር፤ ያለ ታሪኩ ግን ትርጉም አይሰጥም። በኦገስት 2025 ዮኮሃማ ላይ ቲካድ የተባለው የጃፓንና የአፍሪካ የልማት ጉባኤ ሲካሄድ የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት የሆነው ጃይካ አራት የጃፓን ከተሞችን «የአፍሪካ ሆምታውን» ብሎ ሰየመ፤ ኪሳራዙን ለናይጄሪያ፣ ናጋይን ለታንዛኒያ፣ ሳንጆን ለጋና፣ ኢማባሪን ለሞዛምቢክ። የታሰበው የልውውጥ መርሐ ግብር ነበር። ከናይጄሪያ መንግሥት በኩል ጃፓን ልዩ ቪዛ ልትሰጥ ነው የሚል መግለጫ ሲወጣ ግን ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ የከተሞቹ አስተዳደሮች በተቃውሞ ስልክ ተጨናነቁ፤ እርማቱን የሚሰማ ጠፋና ጃይካ በሴፕቴምበር ማብቂያ ዕቅዱን ሰረዘው። ኢትዮጵያ ከአራቱ አንዷ አልነበረችም። ቢሆንም በምሳ ሰዓት «ከእናንተ ስንት ሰው ይመጣል?» ብሎ የጠየቀኝ የሥራ ባልደረባ ነበር።

እኔም በጃፓንኛ ማብራሪያ ጽፌ በገጼ ላይ አወጣሁ። ከቀናት በኋላ የመሥሪያ ቤቴ የሰው ኃይል ክፍል ጠራኝ። ጽሑፌ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ «የቶኪዮ ግብር ከፋይ ነኝ» ያልኩበት መስመር በቢጫ ማድመቂያ ተቀብቷል። ኃላፊው በትሕትና፣ ሻይ አስቀርበው፣ ነገሩ መሥሪያ ቤቱን እንደሚያስቸግርና ባወርደው ደስ እንደሚላቸው ነገሩኝ። ጃፓን ውስጥ «ደስ ይለናል» ሲባል ትእዛዝ መሆኑን አላጣሁትም። ክርክር አልገጠምኩም፤ ከሥራ ደንቡ የጣስኩትን አንቀጽ እንዲያሳዩኝ ብቻ ጠየቅኋቸው። ከ10 ሠራተኛ ያላነሰ ያለው አሠሪ ሁሉ በጽሑፍ የሠፈረ የሥራ ደንብ እንዲኖረውና ሠራተኛው እንዲያየው እንዲያደርግ በሕግ ይገደዳል። ደንቡ መጣ፤ አንቀጹ አልተገኘም። ጽሑፉ ዛሬም አለ። እርስዎም ከተጠሩ ደንቡን ይጠይቁ እንጂ ስለ ዴሞክራሲ ንግግር አያድርጉ።

ነገር ግን ጽሑፌን ያነበቡት ቀድሞም ከእኔ ጋር የሚስማሙ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ሰሞን ፖለቲከኞቹ የሚጠቅሱት ሌላ ጉዳይ የብሔራዊ የጤና መድን ወይም የኮኩሆ ክፍያ ነበር። የጤና ሚኒስቴር ከ150 ከተሞችና ወረዳዎች ሰብስቦ ባወጣው አኃዝ፣ በጠቅላላው ክፍያው 93 በመቶ ሲሰበሰብ ከውጭ ዜጎች የተሰበሰበው 63 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥሩ እውነት ነውና መካድ አይገባንም። ያልተጠቀሰው ደግሞ የውጭ ዜጎች ከኮኩሆ አባላት 4 በመቶ ያህል ሆነው ከሕክምና ወጪው የሚወስዱት 1.4 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸውና አይታመሙም።

እሑድ እሑድ ቤቴ የሚመጡ የቋንቋ ተማሪ ልጆች አሉ። አንደኛው ያልተከፈተ የኮኩሆ ክፍያ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከፒዛ ማስታወቂያዎች ጋር ደርቦ አመጣልኝ፤ ማስታወቂያ መስሎታል። ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ካንጂ፣ ማለትም ከቻይና የመጣው ከባዱ ፊደል፣ ነው፤ ንብረት እስከ መያዝ እንደሚደረስ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ላይ እንኳ ለንባብ የሚረዳ ፉሪጋና የለበትም። ልጁ ቪዛውን ሲያሳድስ የሚጠየቀው ስለዚህች ወረቀት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በቀላል ጃፓንኛ እንዲጻፍ የሚጠይቅ ቺንጆ፣ ማለትም የተመራጭ ድጋፍ የማያስፈልገው አቤቱታ፣ ለወረዳችን ምክር ቤት ለማስገባት ተነሣሁ።

የጽሕፈት ቤቱ ወጣት ሠራተኛ ወረቀቴን ሳያነብ ፊቴን አየና «ይህ ለወረዳው ሰዎች ነው» አለኝ። የነዋሪነት ማስረጃዬን አቀረብኩ። ሳይነካው ምድር ቤት ወዳለው የውጭ ዜጎች ምክር መስጫ መስኮት እንድወርድ በእጁ አመለከተኝ። ወረድኩ። እዚያ ያለችው ሴት ጉዳዩ የእርስዋ እንዳልሆነ ነግራ ወደ ላይ መለሰችኝ። ስመለስ ወጣቱ ምሳ ሰዓት መድረሱን ነገረኝ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ገና ሩብ ጉዳይ ይላል። እስከዚህ ድረስ ታግሼ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 16 አቤቱታ የማቅረብን መብት የሚሰጠው ለዜጋ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ነው፤ የአካባቢ ራስ ገዝ አስተዳደር ሕጉም በአንቀጽ 10 ነዋሪ የሚለው በወረዳው አድራሻ ያለውን ሰው ነው። ሁለቱን አንቀጾች አትሜ ይዤ ነበርና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የማይቀበለኝ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። በዚህ ጊዜ ከኋላ አንድ ሸምገል ያሉ ኃላፊ ተነሥተው መጡ፤ አነበቡ፤ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁና የገቢ ማኅተም መቱበት። ወጣቱ ይቅርታ አልጠየቀም፤ አሁንም ስንተያይ ሰላም አይለኝም።

ኮሚቴው ፊት ለጥቂት ደቂቃ እንድናገር ተፈቀደልኝ። ስለዚህ አገር ፖለቲካ ከብዙ ዓመት የቴሌቪዥን ክርክር ያልተማርኩትን እዚያ ተማርኩ። የውጭ ዜጎች ወዳጅ ነን ከሚል ፓርቲ የመጡት ተመራጭ የሕትመት ወጪውን እያነሡ ሲያቅማሙ፣ ወግ አጥባቂ የሆኑ አዛውንት ተመራጭ «እንዲከፍሉ ከፈለግን የሚነበብ ደብዳቤ እንላክላቸው» ብለው ደገፉኝ። አቤቱታው በመንፈሱ ተቀባይነት አገኘ፤ አሁን ከወረዳው የሚወጣው ፖስታ ላይ «አስፈላጊ፤ ገንዘብ ይክፈሉ» የሚል በቀላል ጃፓንኛ የተጻፈ መስመር አለ። ትንሽ ነገር ነው ሊሉኝ ይችላሉ፤ እኔ ግን ፖስታውን ባየሁ ቁጥር እኮራለሁ።

በአገር አቀፍ ደረጃም ቢሆን በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ለንግድ ቪዛ የሚጠየቀው ካፒታል ከ5 ሚሊዮን ወደ 30 ሚሊዮን የን ከኦክቶበር 16፣ 2025 ጀምሮ ከፍ ሲል፣ ትንሽ ምግብ ቤት ለመክፈት ያጠራቀሙ ስንት ወገኖቻችን ከመንገድ ቀሩ! ረቂቁ ግን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ነበር፤ አስተያየት ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም። እኔ ጽፌአለሁ። በየቡና ማኅበሩ ሲያማርሩ ከሰማኋቸው መካከል የጻፈ ሌላ ሰው አላገኘሁም፤ ይህንን ስል ቅር የሚለው ይበለው።

ወደ ጽሑፍዎ ልመለስ። አያጥፉት፤ ሁለት ቦታ ግን ያርሙት። ለሳንሴይቶ ድምፅ የሰጡትን ሁሉ ዘረኛ ብለዋቸዋል። ፓርቲው በዚያ ምርጫ 14 መቀመጫ ሲያገኝ የ5 ኪሎ ሩዝ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ያህል ሆኖ ከ4,000 የን ካለፈ ገና ጥቂት ወራቸው ነበር፤ የግብርና ሚኒስትሩም «ሩዝ ገዝቼ አላውቅም» ብለው በሜይ ሥልጣናቸውን አጥተዋል። እኔ የምኖርበት ሕንጻ አከራይ ለዚያ ፓርቲ እንደ መረጡ ራሳቸው ነግረውኛል፤ ለእኔ ግን ያለ ዋስ ያከራዩኝ እርሳቸው ናቸው። ሩዙን ያስወደደው የውጭ ዜጋ አለመሆኑን ይጻፉ፤ መራጩን መስደቡ ግን የፓርቲውን ሥራ ያቀልለታል።

ሁለተኛው እርማት የሕግ ነው። የፓርቲውን መሪ በስድብ ቃል ጠርተዋቸዋል። ጃፓን ውስጥ የስድብ ወንጀል ቅጣት በ2022 ከብዶ እስከ አንድ ዓመት እስራት ደርሷል፤ ስም ማጥፋትም የሕዝብ ጥቅም ያለበት ጉዳይ መሆኑ ካልታየ እውነት መናገር ብቻውን አያድንም። ፖሊሲያቸውን እንደ ፈለጉ ይተቹ፤ ያንን ቃል ግን ዛሬውኑ ያውጡት።

የቺንጆው ቅጂ ካስፈለገዎ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። የወረዳዎን ስም መቀየር ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። ምክር ቤቶቹ በአብዛኛው በዓመት አራት ጊዜ ነው የሚሰበሰቡት፤ የማስገቢያው ቀን ከስብሰባው አስቀድሞ ስለሚዘጋ በስልክ ያረጋግጡ፤ ሲሄዱም ከምሳ ሰዓት ብዙ ቀደም ብለው ይሂዱ።