«ኢ.ፒ» ምሰሶ ነው ወይስ የአስፋልት ጠርዝ? ለወጣት ቀያሾች

ውድ ወጣት ቀያሾች፣

ከአያት ማዶም ሆነ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ሥራ ስትጀምሩ እጃችሁ የሚገባው ፕላን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ያነሳው ነው። ነጥቦቹ አጠገብ ሁለት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል አለ፤ ማብራሪያ የለም። አለቃ ይቸኩላል። ባለይዞታው ቆሞ ያያችኋል። ያኔ «ይሄማ የታወቀ ነው» ብሎ ማለፍ ይመጣል። አትለፉ። ፊደሉን ለብቻው ከመፍታት በፊት በዙሪያው ያለውን ቁጥርና መስመር እዩ።

«ኢ.ፒ»ን ውሰዱ። አንዱ ቀያሽ የመብራት ምሰሶ ለማለት ይጽፈዋል፣ ሌላው የአስፋልት ጠርዝ ለማለት። ነጥቦቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ከሆኑ፣ ኩርባ ላይም ከተጠጋጉ፣ ጠርዝ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ተራርቀው ከሄዱ ምሰሶ ነው። ምሰሶውን ጠርዝ ያደረገ ሰው የመንገዱን ስፋት ያዛባል፤ የሰው አጥርም ከዚያ ይለካል። ደግሞ ምሰሶ ይነሳል። መንገድ በሰፋ ቁጥር ቦታውን ይለውጣል። መስክ ላይ ካጣችሁት የሰፈሩን ነባር ሰው ጠይቁ፦ «አባባ፣ እዚህ ጋ ድሮ ምሰሶ ነበር እንዴ?» ብዙ ጊዜ ጣታቸውን ዘርግተው ያሳዩአችኋል።

«ቢ.ኤም» የባሰ ነው። ለአብዛኞቻችን ቤንችማርክ ነው፤ ከፍታው የታወቀ ነጥብ። አንዳንዱ ግን የወሰን ምልክትንም እንዲሁ ያሳጥራል። አዲስ አበባ ዝቅ ባለው በአቃቂ በኩል እንኳን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አጠገቡ እንዲህ ያለ ቁጥር ካለ ከፍታ ነው። 100.000 የሚል ካያችሁ ቀያሹ ለዚያች ሥራ ብቻ ብሎ የሰጠው ከፍታ ነው። ከሌላ ፕላን ጋር እንዳታገናኙት። ምንም ከፍታ ከሌለውና የቦታው ማዕዘን ላይ ከተቀመጠ ወሰን ሳይሆን አይቀርም። ሄዳችሁ ድንጋዩን ፈልጉ።

«ቲ.ፒ» አያስቸግርም። ተርኒንግ ፖይንት፣ ማለትም በሌቭል (ከፍታ የመለካት) ሥራ መሣሪያው ሲዛወር የሚያዘው ነጥብ፣ ቦታው የመስክ ደብተር ነው፤ ፕላን ላይ ምን ይሠራል? የስልክ ምሰሶ ብላችሁ ጠርጥሩ።

የነጥቡን ቦታ የሚነግሩት ሁለት ቁጥሮች፣ «ኤክስ»ና «ዋይ»ስ? አንዱ ሰሜኑን ዋይ ይላል፣ ሌላው ኤክስ። ለእኛ ከተማ ግን መለያው ቀላል ነው። ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ሥርዓት፣ በዩቲኤም፣ የምሥራቁ ቁጥር በ4 ይጀምራል። የሰሜኑ በ9 ይጀምራል፤ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ብቻ 1,000,000ን ያልፋል። ከዚያ በኋላ ፕላኑ የተመሠረተው በየትኛው የልኬት መነሻ (ዳተም) እንደሆነ፣ በነባሩ አዲንዳን ላይ ይሁን ጂ.ፒ.ኤስ በሚጠቀምበት ደብልዩ.ጂ.ኤስ 84 ላይ፣ አጣሩ። ልዩነቱ 200 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙን አሻግሮ ሌላ ሰው ግቢ ያስገባችኋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የማይፈታ ፊደል ይቀራል። ያኔ ያነሳው ሰው ካለ ደውሉለት። ከሌለ ፊደሉን እንዳለ ገልብጡና ጎኑ ላይ «ከቀድሞው ፕላን የተወሰደ፣ በመስክ ያልተረጋገጠ» ብላችሁ ጻፉ። አለቃችሁ «ፕላኑን ያበላሸዋል፣ አጥፋው» ቢል እንኳን አታጥፉት።