በካሊፎርኒያ ወላጅን ቤት ለሚንከባከቡ፦ ጥያቄና መልስ

ካሊፎርኒያ ውስጥ አይ ኤች ኤስ ኤስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ቤተሰቡን ቤት ውስጥ ለሚንከባከብ ሰው በሰዓት ይከፍላል። ስለሱ ከተጠየቅኩት ለጥቂቱ መልስ ይኸው።

ጥያቄ፦ የገዛ እናቴን ስንከባከብ በእርግጥ ይከፈለኛል?

አዎ፣ እናትሽ ሜዲ-ካል (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የካሊፎርኒያ የጤና ሽፋን) ካላቸውና ያለ ሰው እርዳታ ቤት መኖር የሚከብዳቸው ከሆነ። ሜዲኬር (በተለይ ለአረጋውያን የሆነው የፌዴራል የጤና መድን) ለዚህ አይከፍልም፤ ሁለቱን እያምታቱ የሚንገላቱ ብዙ ናቸው። ማመልከቻው ለካውንቲው ነው፤ ሐኪማቸው የሚሞሉት ፎርምም አለ። አንቺ የጣት አሻራ ትሰጫለሽ፣ ኦሬንቴሽን (ስለ ሥራው የሚሰጥ ገለጻ) ትወስጃለሽ።

ጥያቄ፦ ሰዓቱን የሚወስነው ማነው?

የካውንቲው ሶሻል ወርከር። ቤት ድረስ መጥታ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብሰል፣ ሐኪም ቤት ማድረስ እያለች ለእያንዳንዱ ጊዜ ትመድባለች። የኛ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እናቶቻችን እንግዳ መጣ ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቡና ይፈላ ብለው፣ «ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ ሁሉን ራሴ ነኝ የምሠራው» ይላሉ። ሌሊት ደግፈሽ ሽንት ቤት የምትወስጃቸው ነገር ሳይነሳ ይቀራል። ሴትየዋ ደግሞ የሰማችውን ነው የምትጽፈው። ስለዚህ አስቀድመሽ አስረጃቸው፣ የሳምንቱን ሥራም የከፋውን ቀን ጨምረሽ ጽፈሽ ያዢ። አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ ጠይቂ። ልጅ ስታስተረጉም እናት ገመናዋን አታወራም።

ጥያቄ፦ አባቴ መርሳት ጀምሯል፣ ምድጃ ለኩሶ ይወጣል። ለመጠበቅ ይከፈላል?

አዎ፣ ፕሮቴክቲቭ ሱፐርቪዥን (ራሱን እንዳይጎዳ መጠበቅ) ብለህ በስሙ ጠይቅ። ዝም ካልክ ማንም ላያነሳልህ ይችላል። ለሐኪሙ የተለየ ፎርም አለው። ምድጃውን፣ በር ከፍተው የወጡበትን፣ ሁሉንም ከነቀኑ መዝግብ። የፕሮግራሙ ጣሪያ በወር 283 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ታክስስ?

ከሚንከባከቧቸው ሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖሩ ከሆነ ክፍያው ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ነው፤ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ አይ አር ኤስ በፈረንጆቹ 2014 ወስኗል። አብሬ እኖራለሁ የሚለውን ፎርም ግን ይሙሉ።

ጥያቄ፦ ሰዓት ቀነሱብን፣ ምን ይሻላል?

ደብዳቤውን እንዳትጥሉት። ሂሪንግ (ዳኛ አቤቱታችሁን እንዲሰማ) ለመጠየቅ 90 ቀን አላችሁ፤ ቀኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ ግን። ቅነሳው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከጠየቃችሁ ዳኛው እስኪወስን የድሮው ሰዓት ይቀጥላል።