ለታብ ኤ9 የትኛው ብዕር ይሆናል?

አንድ የሥነ ሕንፃ ተማሪ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «ሳምሰንግ ታብ ኤ9 አለኝ። የገዛሁት ብዕር መዳፌ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ይሞነጫጭራል፤ መስመሩም ይንቀጠቀጣል። እህቴ ከዱባይ ልትመጣ ነው። ኤስ ፔን ላስመጣ ወይስ አፕል ፔንስል?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም እንዳታስመጣ። እህትህ ሳትገዛ ቶሎ ደውልላት።

ችግሩ ያለው ታብሌቱ ላይ ነው። ኤስ ፔን የሚባለውን የሳምሰንግ ብዕር የሚቀበሉ ታብሌቶች ከስክሪኑ ጀርባ አንድ ስስ ሰሌዳ አላቸው። ሰሌዳው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ብዕሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ከዚያ ኃይል ወስዶ መልስ ይሰጣል። ኤስ ፔን ያለ ባትሪ የሚጽፈው ለዚህ ነው። ታብሌቱ ብዕሩን ከመዳፍህ ይለያል፤ ምን ያህል እንደተጫንከውም ያውቃል። ታብ ኤ9 ይህ ሰሌዳ የለውም። አፕል ፔንስል ደግሞ የሚሠራው አይፓድ ላይ ብቻ ነው።

«ለሁሉም ታብሌት ይሆናል» እየተባለ የሚሸጠው ብዕር፣ ቻርጅ የሚደረገውም ጭምር፣ ያንተ ታብሌት ላይ የሚሠራው ጣት መስሎ ነው። መዳፍህም ለታብሌቱ ሌላ ጣት ነው። ስለዚህ ውዱን ብትገዛም መሞነጫጨሩ አይቀርም።

ለክፍል ማስታወሻ ብቻ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ግልጽ ክብ ፕላስቲክ ያለበትን ርካሽ ብዕር ያዝ። የላስቲክ ጫፍ ካለው በተሻለ የምትጽፍበትን ቦታ ያሳይሃል። መዳፍህ ሥር ወፈር ያለ ጨርቅ አጥፈህ አድርግ። ስክሪኑ ላይ ወፍራም መከላከያ መስታወት ካለ በስስ ቀይረው።

ለሥዕል ግን በዚህ ታብሌት አትድከም። ሸጠህ ትንሽ ጨምርና ያገለገለ የሳምሰንግ ታብ ኤስ6 ላይት ፈልግ። መጀመሪያ የወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኤስ ፔኑ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይመጣል። ስትገዛ ብዕሩ መኖሩን ብቻ አይተህ አትመለስ። ስክሪኑ ተሰብሮ የተቀየረ ታብሌት ያ ሰሌዳ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው በጣት ሲነኩት ደህና ይሠራል፣ ብዕሩን ግን በከፊል ወይም ጭራሽ አይቀበልም። ይህ ሱቄ በተደጋጋሚ የሚመጣ ብልሽት ነው፤ ጥገናውም ርካሽ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ብዕሩን ሳታስነካ ወደ ስክሪኑ አስጠጋው፤ ጠቋሚ ነጥብ መታየት አለበት። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ መስመሮችን ቀስ እያልክ አስምር። የተቆረጠ ቦታ ካየህ ተወው። መዳፍህን አሳርፈህም ጻፍ። ለቀቅና ጫን እያደረግህ መስመሩ መቅጠንና መወፈሩን እይ።

አይፓድ ካማረህም የፔንስሉን ዓይነት ከአይፓዱ ሞዴል ጋር አገናኝ። ለምሳሌ 9ኛው ትውልድ አይፓድ ከአፕል ፔንስሎች የሚቀበለው የመጀመሪያውን ትውልድ ብቻ ነው። በ2023 የወጣው ባለ ዩኤስቢ ሲ ፔንስል ለማስታወሻ ጥሩ ነው፤ የእጅህን ጫና ግን አይለይም። ለአንተ ሥራ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ርካሾቹ የአይፓድ ብዕሮችም አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው፤ መዳፍን በመለየት በኩል ግን አያሳፍሩም።