«ጌት» መቼ ምን ማለት ነው? ጥያቄና መልስ

ዛሬ «ጌት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ ጠይቁ፤ ኃላፊ ጊዜው «ጎት» ስለሆነው ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ መዝገበ ቃላቱ «አገኘ» ይላል። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳስገባው ግን አልገጥም አለኝ።

መልስ፦ ከ«ጌት» ቀጥሎ የሚመጣውን እይ፤ ፍቺውን የሚወስነው እሱ ነው። ስም ከተከተለው ማግኘት፣ መቀበል ወይም መግዛት ነው። ቅጽል ከተከተለው መሆን ነው፦ «ጌት ሲክ» ታመመ፣ «ጌት ታየርድ» ደከመ፣ «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» እየጨለመ ነው። ቦታ ከተከተለው መድረስ ነው።

ጥያቄ፦ «ጌት ሆም» ነው «ጌት ቱ ሆም»?

መልስ፦ «ጌት ሆም»። ሆም፣ ሂር እና ዜር ላይ «ቱ» አይገባም። «ጌት ቱ ዘ ኤርፖርት» ላይ ግን የግድ ነው።

ጥያቄ፦ ፀጉር ቤት ውዬ መጥቼ «አይ ከት ማይ ሄር» ስል፣ የሥራ ባልደረቦቼ «ራስሽ ነሽ የቆረጥሽው?» አሉኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» በዪ። መጀመሪያ «ጎት»፣ ቀጥሎ ነገሩ፣ መጨረሻ ላይ ፓስት ፓርቲሲፕሉ፣ ትምህርት ቤት «ቪ ስሪ» የምንለው። ይህ ለእኛ ሊከብደን አይገባም፤ «ጌት» እዚህ የሚሠራው «አስ» የሚሠራውን ነው። መኪናዬን አስጠገንኩ ለማለት «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ»፤ ሰነዱን አስተረጎምኩ ለማለት «አይ ጎት ዘ ዶክመንት ትራንስሌትድ»። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው፤ «አይ ጎት ፊክስድ ማይ ካር» አይባልም።

የሠራውን ሰው ከጠራሽው ደግሞ መልኩ ይለወጣል፦ «አይ ጎት ዘ መካኒክ ቱ ፊክስ ኢት»። እዚህ «ቱ» አትቀርም። ሰው የሚጥላት «ሜክ» እና «ሃቭ» በዚሁ ቦታ ያለ «ቱ» ስለሚሄዱ ነው። «ጌት» እንዲህ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ለምኖ ወይም አግባብቶ ማሠራትን ያሰማል።

ጥያቄ፦ ስልክ ሲጠራ አብራኝ የምትኖረው ልጅ «አይል ጌት ኢት» አለች። ገባኝ ማለቷ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ «እኔ አነሳዋለሁ» ማለቷ ነው። በር ሲንኳኳ ብትለው «እኔ እከፍታለሁ» ይሆናል። ገባኝ ለማለት «አይ ጌት ኢት» ወይም «ጎት ኢት» ነው።

ጥያቄ፦ «አይ ጎት ቱ ሲ ሃር» እና «አይቭ ጎት ቱ ሲ ሃር» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው «እሷን የማየት ዕድል ገጠመኝ»፣ ሁለተኛው «የግድ ላያት ይገባል»። ችግሩ በንግግር «ቭ» ትዋጣለች። ያኔ ጊዜውን ተመልከቱ፦ ወሬው ያለፈ ከሆነ ዕድል ነው፣ ገና የሚደረግ ከሆነ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካኖች «ጎትን» የሚሉት ተሳስተው ነው?

መልስ፦ የለም፣ እዚያ ትክክል ነው፤ የሚጠቅም ልዩነትም ያሳያል። «አይቭ ጎትን ኤ ጆብ» ሥራ አግኝቻለሁ፣ «አይቭ ጎት ኤ ጆብ» ሥራ አለኝ። ብሪታንያ ውስጥ ለሁለቱም «ጎት» ይበቃል።

ጥያቄ፦ የሥራ ማመልከቻ ላይስ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ባይበዛ ይመረጣል። ለመቀበል «ሪሲቭ»፣ ለማግኘት «ኦብቴይን»፣ ለመሆን «ቢካም» ብለው ይጻፉ።