ለዶሃው ዓለም ዋንጫ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ የመመለሻ በረራህን አትቸኩልበት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ2027 ዶሃ ላይ ለሚደረገው የቅርጫት ኳስ ዓለም ዋንጫ ልትሄድ ነው። የምትደግፈው አንድ ቡድን ነው። የምድብና የሁለተኛ ዙር ትኬት አንድ ላይ ልግዛ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ቡድኔ ከምድቡ ካላለፈ በማግስቱ እመለሳለሁ" ብለሃል። ያስደነገጠችኝ እሷ ናት። እኔም በ2023 ማኒላ ላይ ልክ እንዳንተ ነበር ያሰብኩት። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ፣ ከሁሉ በላይ ማየት የነበረብኝ ጨዋታ በአንድ ቀን ልዩነት አመለጠኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፍልህ፤ ታገሰኝ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

1. ዕጣ ሳይወጣ የጨዋታ ትኬት አትግዛ። የ2023ቱ ዕጣ የወጣው ኤፕሪል 29 ነበር። ውድድሩ ደግሞ ሦስት አገር ላይ ነበር፤ ፊሊፒንስ፣ ጃፓንና ኢንዶኔዥያ። ቸኩለው ወደ ማኒላ በረራ የቆረጡ ሰዎች ቡድናቸው ጃካርታ ወይም ኦኪናዋ ደርሶት ጉድ ሆነዋል። አንተ በዚህ ዕድለኛ ነህ። ዶሃ ላይ ሁሉም ነገር አንድ ከተማ ውስጥ ነው። እንለፈው።

2. ማደሪያህን ቡድንህ ከሚጫወትበት አዳራሽ አጠገብ ያዝ። እኔ የዋንጫው ጨዋታ የሚደረገው ሞል ኦፍ ኤዥያ አሬና ነው ሲሉኝ እዚያው ፓሳይ ውስጥ ክፍል ያዝኩ። የእኔ ቡድን የደቡብ ሱዳን ጨዋታዎች ግን በሙሉ ኬሶን ሲቲ፣ ኩባኦ ያለው አራኔታ ኮሊሲየም ነበሩ። የከተማው ሌላኛው ጫፍ ማለት ነው። በዝናብ፣ በዚያ የመኪና መዓት ውስጥ፣ በየቀኑ መመላለስ ነው። ኋላ ላይ ባቡሩን ለመድኩና ቀለለኝ። የመክፈቻው ቀን ደግሞ ይባስ ብሎ ከማኒላ ውጪ፣ ቦካዌ የሚባል ቦታ በሚገኘው ፊሊፒን አሬና ነበር። ስንደርስ አንጎላና ጣሊያን ጀምረው ነበር። ማታ ግን ድካሜን ረሳሁት። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አስተናጋጇን ፊሊፒንስን 87 ለ 81 ስታሸንፍ አዳራሹ ውስጥ 38,115 ሰው ነበርን። በዓለም ዋንጫ ታሪክ ያን ያህል ተመልካች ያየ ጨዋታ የለም። ያን ድምፅ ዛሬም ድረስ እሰማዋለሁ።

3. አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማንኛውም ቡድን ቢያንስ አምስት ጨዋታ ይጫወታል። ቢያሸንፍም አምስት፣ ቢሸነፍም አምስት። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምድቡ ስምንት ነው፤ በየምድቡ አራት ቡድን። ሦስት ጨዋታ ያደርጋሉ። ሁለቱ ወደ ሁለተኛው ዙር ያልፋሉ። የቀሩት ሁለቱ ወደ ቤት አይሄዱም። ከ17ኛ እስከ 32ኛ ላለው ደረጃ ሁለት ሁለት ጨዋታ ይጨምራሉ። የሚለየው ቀኑ ነው። በ2023 የደረጃው ጨዋታ ኦገስት 31 እና ሴፕቴምበር 2 ነበር። ሁለተኛው ዙር ደግሞ ሴፕቴምበር 1 እና 3። እንግዲህ አስበው። የሁለተኛ ዙር ትኬት ቀድመህ ገዝተህ ቡድንህ ካላለፈ፣ በእጅህ ያለው የሌላ ሰው ጨዋታ ትኬት ነው።

እኔ የምከተለው ደቡብ ሱዳንን ነበር። ከማጣሪያው ጀምሮ። በማጣሪያው ከ12 ጨዋታ 11 ሲያሸንፉ አንዱንም አላለፍኩም። በ2011 ነፃ የወጣች አገር ናት። ጣሪያ ያለው መጫወቻ አዳራሽ እንኳ አልነበራትም። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሉኦል ዴንግ ከራሱ ኪስ እያወጣ ነው ቡድኑን ያቆመው። "ለመጀመሪያ ጊዜ መጥተው ምን ሊሠሩ?" ይሉኝ ነበር ጓደኞቼ። እኔ ግን እንደሚያደርጉት አውቅ ነበር። ይህን ዛሬም በኩራት ነው የምናገረው።

ጥቅል ጉዞ ከአንድ ወኪል ገዛሁ። ወረቀቱ ላይ "የምድብ ጨዋታዎችና ሁለተኛ ዙር" ይላል። እኔ "የቡድንህ ጨዋታዎች" ብዬ አነበብኩት። የሸጠልኝ ሰውዬም እንደዚያ እንዳነበብኩት እያወቀ ዝም አለኝ። መመለሻዬ ሴፕቴምበር 4 ነበር። ይህችን ቀን ያዝልኝ።

ኦገስት 26 ከፖርቶ ሪኮ ጋር ተጫወትን። ካርሊክ ጆንስ ብቻውን 38 ነጥብ አስቆጠረ። በጭማሪ ደቂቃ 101 ለ 96 ተሸነፍን። ጉሮሮዬ ተዘግቶ፣ ሳላወራ ነው ወደ ክፍሌ የተመለስኩት። ኦገስት 28 ቻይናን 89 ለ 69 አሸነፍን። በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያው ድል! ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፌ አለቀስኩ። ኦገስት 30 ሰርቢያ መጣች። 115 ለ 83 ተሸነፍን። በዚያ ጨዋታ የሰርቢያው ቦሪሻ ሲማኒች በአጋጣሚ በክርን ተመትቶ ወደቀ። በኋላ አንድ ኩላሊቱን እንዳጣ ሰማን። ያ ቀን በሁሉም በኩል ከባድ ቀን ነበር።

ምድቡን ሦስተኛ ሆነን ጨረስን። የሁለተኛው ዙር ሁለት ትኬቶቼ ኪሴ ውስጥ ናቸው።

በዚያው ማታ ወኪሉ ጋ ደወልኩ። በደረጃው ጨዋታ ትኬት ይለውጥልኝ እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኩት። "ቡድንህ ቢወድቅ እኛ ምን እናድርግህ?" አለኝ። ስልኩን ዘጋው። መልሼ ስደውል አላነሳም። በነጋታው አዳራሹ ጋ ወዳለው የትኬት መስኮት ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቷ አሳየችኝ። አይለወጥም፣ ገንዘብ አይመለስም። ደንብ መሆኑ ይገባኛል። ግን ሰው ከስንት አገር አቋርጦ መጥቶ ፊትሽ ሲቆም፣ አንድ ቃል መተንፈስ ያቅታል? እስካሁን አልወጣልኝም።

እልህ ያዘኝ። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው፤ ልብ ብለህ አንብበው። የተናደድኩት በወኪሉና በመስኮቷ ልጅ ነው። የቀጣሁት ግን ራሴን ነው። "ለ17ኛ ደረጃ ጨዋታ ማን ይቀመጣል!" ብዬ በረራዬን ከሴፕቴምበር 4 ወደ ሴፕቴምበር 1 አመጣሁት። ለለውጡ የከፈልኩት ቅጣት ከሁለቱ ትኬቶች ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ኦገስት 31 ማታ የመሰናበቻ ያህል ብዬ አዲስ ትኬት ገዝቼ ገባሁ። ከአስተናጋጇ ከፊሊፒንስ ጋር ነበር የምንጫወተው። አዳራሹ በሙሉ የእነሱ ነው። 87 ለ 68 አሸነፍናቸው። ጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ የአገራቸውን ማልያ የለበሱ። ሲያልቅ ተነስተው እጄን ጨበጡኝ። "ቅዳሜ ነው ዋናው ጨዋታችሁ። አንጎላን ካሸነፋችሁ ፓሪስ ናችሁ" አሉኝ።

የምን ፓሪስ?

ሰውየው ነገሩ አስገርሟቸው ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ከዓለም ዋንጫው ሰባት ቡድን በቀጥታ ወደ ፓሪስ ኦሎምፒክ ይገባል። ከአውሮፓ ሁለት፣ ከአሜሪካ አህጉር ሁለት፣ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከኦሺኒያ አንድ አንድ። ከአፍሪካ የመጡት አምስቱም ቡድኖች ከምድባቸው አላለፉም ነበር። ስለዚህ የአፍሪካው ቦታ የሚወሰነው እኔ በናቅኩት የደረጃ ጨዋታ ላይ ነበር። ከማጣሪያው ጀምሮ ስከታተል የኖርኩት ሰውዬ ይህን ደንብ አላነበብኩም። በማኒላ አዳራሽ ውስጥ አንድ የማላውቃቸው አባት ነገሩኝ።

ያን ሌሊት ከአየር መንገዱ ጋር ስጨቃጨቅ አደርኩ። የቀድሞው ወንበሬ ተሽጧል። ያለው ቦታ ዋጋው የማይቀመስ ነው። የሴፕቴምበር 1 የሁለተኛ ዙር ጨዋታ ትኬቴን ላረፍኩበት ቤት ጥበቃ ልጅ ሰጠሁት። ልጁ ጣሊያን ሰርቢያን 78 ለ 76 ስታሸንፍ አየ። ደስ ብሎታል፤ በዚህ አልቆጭም።

ሴፕቴምበር 2 እኔ በመንገድ ላይ፣ ሁለተኛውን በረራ እየጠበቅኩ ነበር። ስልኬ ላይ ምስሉ ይቆማል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ ቁጥሩ ብቻ መጣልኝ። ደቡብ ሱዳን 101፣ አንጎላ 78። የዓለም አዲሲቷ አገር ኦሎምፒክ ገባች። ተጫዋቾቹ ባንዲራ ለብሰው ሲያለቅሱ የሚያሳየውን ቪዲዮ ያየሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። እኔ እዚያ መሆን ነበረብኝ። ቤት ተከራይቼ፣ ፈቃድ ወስጄ፣ ከፍዬ ነበር እኮ! መመለሻዬን ባልነካው ኖሮ እዚያው ነበርኩ።

የእኔ ብቻ እንዳይመስልህ። በዚያው ቀን ኦኪናዋ ላይ ጃፓን ኬፕ ቨርድን 80 ለ 71 አሸንፋ የእስያን ቦታ ወሰደች። እሷም ከምድቧ አላለፈችም ነበር። "የኔ ቡድን ትልቅ ነው፣ ያልፋል" የምትል ከሆነ ደግሞ ፈረንሳይን አስብ። በ2019 የነሐስ ባለቤት ናት፤ በ2022 በአውሮፓ ዋንጫ ሁለተኛ ናት። ጃካርታ ላይ በካናዳ 95 ለ 65፣ በላትቪያ 88 ለ 86 ተሸንፋ ከምድቧ ወደቀች። ላትቪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ቡድን ነበረች። ለፈረንሳይ ብለው የሁለተኛ ዙር ትኬት ቀድመው የገዙ ሰዎች ምን እንደተሰማቸው አውቃለሁ።

እና ለጥያቄህ መልሱ ይኸውልህ። የምድቡን ሦስት ጨዋታ ዕጣው እንደወጣ ወዲያው ግዛ። የሁለተኛውን ዙርም የደረጃውንም አሁን አትግዛ። ምድቡ ባለቀበት ማታ ቡድንህ ወዴት እንደሄደ አይተህ የዚያኑ ግዛ። የደረጃ ጨዋታ ትኬት እንደ ዋንጫው አይሻሙበትም፤ እኔ ለፊሊፒንሱ ጨዋታ እንኳ በዚያው ቀን አግኝቻለሁ። መመለሻህን ግን ቡድንህ በሁለቱም በኩል አምስተኛ ጨዋታውን ከሚያደርግበት ቀን በኋላ አድርገው። ጥቅል ከገዛህ ደግሞ የጨዋታው ቀንና የአዳራሹ ስም በጽሑፍ ይሰጥህ። "ሁለተኛ ዙር" የሚል ቃል ብቻ ካየህ አትክፈል።

4. ጨዋታ አለቀለት ብለህ አትውጣ። የነጥብ ልዩነት ይቆጠራል። ቡድኖች በነጥብ እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ የሚታየው እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታ ነው፤ ሦስት ሆነው እኩል ከመጡ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይለያቸዋል። የምድቡ ውጤትም ወደሚቀጥለው ዙር አብሮ ይሄዳል። በ20 እየተመራህ የምታስቆጥራት የመጨረሻዋ ሦስት ነጥብ ዋጋ አላት። ከሰርቢያ ጋር ስንጫወት ሦስተኛው ሩብ ላይ ሰዉ መውጣት ሲጀምር እኔ ቁጭ ብያለሁ። በዚያ ጉዞ በትክክል ያደረግኩት አንድ ነገር ይህ ነው።

በ2024 ፓሪስ ላይ ደቡብ ሱዳን በመጀመሪያው የኦሎምፒክ ጨዋታዋ ማንን እንዳገኘች ታውቃለህ? ፖርቶ ሪኮን። ማኒላ ላይ በጭማሪ ደቂቃ ያስለቀሰችንን። 90 ለ 79 አሸነፍናት። ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት፤ የማኒላውን ማልያ ለብሼ።

ዶሃ ላይ ውድድሩ ከኦገስት 27 እስከ ሴፕቴምበር 12 ነው። እኔ ለሥራ ቦታዬ ከአሁኑ ተናግሬያለሁ፤ ሴፕቴምበር 13 ነው የምመለሰው። ዕጣው ሲወጣ የቡድንህን ምድብ እዚሁ ጻፍልኝ። የአምስቱንም ጨዋታ ቀን በሁለቱም መንገድ አውጥቼ እልክልሃለሁ። በረራህን ከዚያ በፊት አትቁረጥ፣ እባክህ።