አማካሪ መምህር ለምትፈልጉ የሶሲዮሎጂና የአንትሮፖሎጂ ተማሪዎች

ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ወደ ስድስት ኪሎ የምትመላለሱ ልጆች፣ ቤቴ ስትመጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከየትኛው ፕሮፌሰር ጋር ብትሠሩ እንደሚሻል ነው። በዚህ ሙያ ያረጀ ሰው እንደመሆኔ የምመክራችሁ፣ መምህሩን በማዕረጉ ወይም በሚሰጠው ኮርስ ስም ሳይሆን ለዓመታት ሲመላለስበት በኖረው ጥያቄ እንድትመርጡት ነው።

ብዙዎቻችሁ ሶሲዮሎጂን መጠይቅ በትኖ መቁጠር፣ አንትሮፖሎጂን ደግሞ ገጠር ወርዶ ከሰው ጋር መቀመጥ አድርጋችሁ ትለያላችሁ። ስለ አገራችን የተጻፈውን ብታዩ ግን ድንበሩ እንዲህ የጠራ አይደለም። ዶናልድ ሌቪን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂስት ሆነው ሳለ በመንዝ ከገበሬው መካከል ኖረው ያጠኑ ሰው ናቸው። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ በበኩላቸው ስለ ቦረና ገዳ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ሥራ ሥነ ሥርዓቱን በመግለጽ ብቻ አልተወሰኑም። ልጅ ወደ ገዳ የሚገባው በዕድሜው ልክ ሳይሆን ከአባቱ አምስት እርከን፣ ማለትም 40 ዓመት ዝቅ ብሎ በመሆኑ፣ ዕድሜና ትውልድ እየተራራቁ ሲሄዱ ሥርዓቱ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ወደ ሕዝብ ቁጥር ስሌት ወሰዳቸው። ሁለቱንም ያንቀሳቀሳቸው ከትምህርት ክፍላቸው ስም ይልቅ የያዙት ጥያቄ ነበር።

የምትኖሩበትን የከተማ ዳር ተመልከቱ። ብሎኮቹ የቆሙት ትናንት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረ ማሳ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ ከመነሣቱ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ይደነግግ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። የመሬት ይዞታን የሚያጠና መምህር ቀመሩ እንዴት እንደተሰላና ማን እንዳሰላው ያስጠይቃችኋል። ቤተሰብን የሚያጠናው ግን ገንዘቡ በማን እጅ ገባ፣ ሚስት ምን ያህሉን አወቀች፣ መሬት እወርሳለሁ ብሎ ያደገው ልጅ አሁን ከአባቱ ምን ይጠብቃል ብላችሁ እንድትገቡ ይልካችኋል፤ ይህ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚከብደውና ከሁሉም ያነሰ የተሠራበት ነው። ስለ ሞትና ሐዘን የሚያጠናው ደግሞ ዕድር ያስይዛችኋል፦ ከመሀል ከተማ የመጣው ነዋሪ የድሮ ሰፈሩን ዕድር ሳይለቅ የብሎኩንም ይከፍል እንደሆነ፣ ተከራይ አባል መሆን ይችል እንደሆነ፣ የገበሬዎቹ ዕድር አዲስ መጤውን ይቀበል እንደሆነ፣ በጠባብ ግቢ ድንኳን የት እንደሚተከል። ከአንድ መንገድ ዳር ሦስት የማይመሳሰሉ ጽሑፎች ይወጣሉ ማለት ነው።

በትምህርት ክፍሉ ዝርዝር ላይ ከመምህሩ ስም ጎን «ልማት፣ ሥርዓተ ጾታ፣ ድህነት፣ ስደት» ተብሎ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። ሁሉም እንዲሁ ይጽፋል፤ ደመወዝ አልበቃ ሲል የድርጅቶች የጥናት ሥራ ስለሚወሰድ (አልፈርድም፣ ኑሮ ነው) ርእሱ ከገንዘቡ ጋር የሚቀያየርበት ጊዜ አለ። ይልቁንስ መምህሩ ከብዙ ዓመት በፊት የጻፈውንና በቅርቡ የጻፈውን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ፤ ቦታው ቢለወጥም አንድ ሐሳብ ሲመላለስ ካያችሁ እርሱ ጥያቄው ነው። በክፍል ውስጥም ከመማሪያ መጽሐፉ ወጥቶ የመስክ ማስታወሻውን የሚጠቅስበትን ሰዓት ልብ በሉ፤ እውነተኛው ኮርስ ያኔ ይጀምራል።

ከዚያ ወደ ቢሮው ስትሄዱ ርእስ እንዲሰጣችሁ አትለምኑ። በአንድ ገጽ ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ፣ ማንን እንደምታነጋግሩ፣ ሰዎቹም ለምን ሊያነጋግሯችሁ እንደሚፈቅዱ ጽፋችሁ ያዙ። መምህሩ «ይህ የእኔ መስክ አይደለም» ካላችሁ አትከፉ፤ በጉዳዩ ላይ የሚሠራውን ባልደረባውን እንዲጠቁማችሁ በትሕትና ጠይቁትና ገጹን ይዛችሁ ወደዚያ ሂዱ።